የብዙነሽ ብጉርና የእኔ መድኃኒት

መጀመሪያ ግንባሯ ላይ ሦስት ብጉር ወጣ። ትንንሽ፣ ቀላ ያለ። ልጄ ብዙነሽ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቴፒ ዳር፣ ከቡናችን መሀል ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። የዕድሜ ነው፣ ያልፋል አልኩ። ክረምቱ ሲወጣ ጉንጯም አገጯም ሞላ። አንዳንዱ መግል ቋጠረ። አንድ ጠዋት «ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። እሷ እንድታልፍልኝ ነበር ምኞቴ። ከብጉሩ ይልቅ ያ ቃሏ አስደነገጠኝ።

መድኃኒት የማያውቅ ጎረቤት የለም። አንዱ ሬት ይላል፣ ሌላው የጫካ ማር፣ ሌላው እርድ። ሬቱ ቀዝቀዝ አደረጋት እንጂ ብጉሩን አልነካውም። እርዱን በማር ለውሼ ብቀባት ፊቷ ቢጫ ሆነ።

«አባዬ፣ በርበሬ ብቻ ነው የቀረህ፤ ጨምርና ወጥ አድርገኝ!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልሳቀችም።

እኛ ሙዝ ስናበስል ጉድጓድ ውስጥ ከተን፣ በቅጠል ሸፍነን ሙቀቱን እናፍነዋለን። በጥቂት ቀን ይደርሳል። ብጉሩም ታፍኖ ቢሞቅ በስሎ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ። ሎሚ ጨመቅኩበት። ጉንጯ ላይ አደረግኩ። የእንሰት ቅጠል በእሳት ለብለብ አድርጌ ከላይ አሰርኩት።

«አባዬ፣ ያቃጥላል።»

«ሲያቃጥል ነው የሚሠራው። ትንሽ ቻይው።»

እኔን አምና ቻለችው።

ቅጠሉን ስፈታ ቆዳዋ አብሮ ተነሣ። ጉንጯ ውኃ ቋጥሯል። አልጮኸችም። መስታወት ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም።

በማግስቱ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ምን እንዳደረግኩ ጠየቀችኝ፤ ሽንኩርቱንም ሙዙንም ሳልደብቅ ነገርኳት።

«አባባ፣ ሙዝና ልጅ አንድ ናቸው እንዴ?» አለች። ፈገግ ብላ ነው እንጂ ተቆጥታ አይደለም።

ብዙነሽ ጠባሳ ይተውብኝ ይሆን ብላ ጠየቀቻት።

«ቃጠሎው ላይ ላዩን ነው። ካልነካካሽውና ከፀሐይ ከጠበቅሽው ይድናል። ጥቁረቱ ግን ወራት ይፈልጋል።»

ብጉር ከቆሻሻ እንደማይመጣም አስረዳችን። በዚያ ዕድሜ ሆርሞን የቆዳውን ቅባት ያበዛዋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከዚያ ያብጣል። ለቃጠሎው ቫዝሊን፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ደግሞ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት አዘዘች። «በስሱ ተቀቢው። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላው አልሠራም ብላችሁ እንዳትተዉት» አለችን።

ቤት ከተመለስን በኋላ እጄን ወደ ፊቷ ሳስጠጋ ትሸሸኝ ጀመር፤ ከቃጠሎውም በላይ ያመመኝ ይኼ ነበር። እኔ ቡናውን ፀሐይ ላይ ሳሰጣና ሳገላብጥ እሷ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ የጓደኞቿን ደብተር ትገለብጣለች፣ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና ትታጠባለች፣ ቅባቷንም ራሷ ትቀባለች። የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲቃረብ አዲስ የሚወጣው ብጉር እየቀነሰ፣ የተቃጠለውም ቦታ ቀስ በቀስ የቀድሞ መልኩን እየያዘ ሄደ፤ ትምህርቷንም ጉንጯ ገና ጠቆር እንዳለ ራሷ ወስና ቀጠለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቅባቱን ዘረጋችልኝ። «ከጆሮዬ ሥር አይታየኝም፣ አንተ ቀባኝ።» እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ በጣቴ ጫፍ ቀባኋት።

ያቺን ሐኪም እግዜር ይስጣት፤ ልጄ ፊት አላዋረደችኝም። ይህን የጻፍኩት ልጃችሁን ብጉር ላስቸገረባችሁ ለእናንተ ነው። ሬትም ቢሆን መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩት። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ፊት ላይ አታድርጉ፣ ብጉሩንም አታፍርጡ። መግል የቋጠረና የሚያም ከሆነ ሐኪም አሳዩ። ልጃችሁ አቃጠለኝ ካለች ደግሞ ከማንም ጎረቤት በፊት እሷን እመኑ፤ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡላት።