የሹፌን ሳህን

ቻይና፣ ጌጂዩ ከተማ ውስጥ፣ ማንም ጸጉሩን በማይቆረጥበት ጸጉር ቤታችን አምስት ሴቶች ነበርን። የራሷ ሳህን የነበራት ግን እትዬ ሹፌን ብቻ ናት። አሠሪያችን እትዬ ታኦ ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበታለች። «ገላ መሸጥ ሥራ ነው። መርፌ ግን ልክስክስነት ነው» ትላለች።

ሹፌን ሄሮይን ከተወች ሦስት ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ ክሊኒክ ሄዳ የሱስ ማስታገሻውን ሽሮፕ ትጠጣለች። እዚያ ደግሞ ወረፋ የያዙት ወንዶች፣ «ሱሰኞች ብንሆንም ገላችንን አልሸጥን» እያሉ ይሸሿታል። እሷ አፏ መች ያርፍና! «ሁለት ቦታ የሚታማ ሰው ታዋቂ ነው» ብላ ትስቃለች። እኔ ብሆን ጥርሳቸውን ባወለቅኩት።

ማውራት አይከብድም፤ እኔ ፈሪ ነኝ። እኔም ተደብቄ ሄሮይን እወጋ ነበር። መታከም ብፈልግም፣ ወሬው እትዬ ታኦ ጋ ደርሶ ሳህኔ እንዳይለይ ፈራሁ። ለሳህን ብዬ ልሞት ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሹፌን ክንዴን አየችው።

«ቢምቢ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።»

«ለእትዬ ታኦ እንዳትነግሪብኝ፣ በናትሽ።»

«ነገ ክሊኒክ አብረን እንሄዳለን።»

«ሳህኔስ?»

ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ያን ዕለት የዓመቱ አጭር ቀን ነበር፤ ሁላችንም ከአንድ ድስት የሩዝ ሊጥ ድቡልቡል የምንበላበት። እትዬ ታኦ ልታወጣ ስትል ሳህኖቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ሁሉም ቀይ።

«የትኛው ነው ያንቺ?» አለቻት ሹፌንን።

«እኔም ጠፋብኝ፣ እትዬ ታኦ። የተጠራጠረ በእጁ ይብላ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እትዬ ታኦ ተሳደበች፣ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበች፣ ግን ርቧት ስለነበር በላች። የሞተ የለም።

በማግስቱ ክሊኒክ ስንደርስ ወንዶቹ ፈቀቅ አሉ። «ቅደሚ እንጂ፣ ቦታ ለቀቁልሽ» አለችኝ ሹፌን። ጠጣሁ። መራራ ነው።

ቤት ስንገባ እትዬ ታኦ ኑድል እየቀቀለች ነበር።

«የት ነበርሽ አንቺ?»

ውሸት ምላሴ ላይ ነበር። «ክሊኒክ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ሳህን አንስታ ሞላችልኝ።

«በልተሽ ስትጨርሺ እጠቢው» አለች፤ ለሁሉም እንደምትለው።