ጠሪዋ እናቴ ናት

ታላቅ ወንድሜ የዲዛይን ፕሮግራሜን የዘጋብኝ በታናሽ እህታችን የሠርግ ካርድ ላይ የእናታችንን ስም ከላይ ስለጻፍኩ ነው። ሌላ ምክንያት አለው የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። እሱ እስከ ዛሬ ድረስ "የባንክ ካርዴ ጊዜው አልፎበት ነው" ይላል። ይበል! እኔ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲያኮርፍ አይጠፋኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የዲዛይን ቤት አለችኝ። ባነር፣ የሱቅ ታፔላ፣ የምረቃ መጽሔት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠርግ ካርድ እሠራለሁ። ያኔ የምሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በየወሩ ካልተከፈለው የማይከፈት ነበር፤ ክፍያውንም ከውጭ አገር የባንክ ካርድ በቀር አይቀበልም። ስለዚህ ውጭ የሚኖረው ወንድሜ በራሱ ካርድ ይከፍልልኛል። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤ አሸክሜ እልካለሁ። በእኔ ቤት ሒሳባችን ተቻችሏል። በሱ ቤት ግን ቅቤው የእህት ፍቅር፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የእሱ ችሮታ ኖሯል።

ታናሽ እህታችን ልታገባ ሆነ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ሦስታችንንም ያሳደገችን እናታችን ናት፤ ከጉንደ ወይን ጤፍ እያስጫነች ማርቆስ ገበያ እየሸጠች። ባል የላትም ብለው ሚዛን ሊያጭበረብሯት የሞከሩትን ነጋዴዎች ስም እስከ ዛሬ ትቆጥራለች፤ አንዱም አልተሳካለትም እያለች ትስቃለች። የካርዱን ነገር ልጠይቃት ቤት ስሄድ ለድግሱ የመጣውን ጌሾ እያሰጣች አገኘኋት።

"እማ፣ ጠሪው ማን ይባል?" አልኳት።

በእኛ አገር የሠርግ ካርድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጻፈው የጠሪው ስም ነው። ልጁን የዳረ፣ ዳሱን የጣለ፣ እንግዳው "የእገሌ ጥሪ አለብኝ" ብሎ ለብሶ የሚወጣለት ሰው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አባትና እናት አብረው ይጻፋሉ።

ጌሾውን ተወት አድርጋ ቀና አለች። "የእኔን ጥሪ ሰው ይንቀዋል ወይ?"

"ማን ወንድ ነው የሚንቀው!"

"እንግዲያስ እኔ ልጥራ። የወንድምሽን ሠርግ በስልክ አየሁት። አንቺ እንደሆንሽ ማዘጋጃ ቤት ፈርመሽ መጣሽ። የቀረችኝ እሷ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ 'ልጄን ድሬያለሁና ኑልኝ' ልበል።"

እናቴ ለራሷ ብላ ይህን ስጡኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሱቄ ገብቼ ሌላ ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ገፋሁና ካርዱን ሠራሁት። ዳሩን አረንጓዴ ሐረግ አዞርኩበት፤ ከላይ የእናቴን ስም "ወይዘሮ" ብዬ በትልቁ አስቀመጥኩት። አምሮ ነበር፣ አልዋሽም። ፎቶውን በቴሌግራም ለወንድሜ ላክሁለት፤ ወዲያው ደወለ።

"ካርዱ ያምራል። ጠሪውን ግን አስተካክዪው።"

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"ወንድ ልጅ እያላት እናት ብቻዋን ስትጠራ ሰው ምን ይላል? ከላይ የእኔና የባለቤቴ ስም ይግባ። እማን ከሥር አስገቢያት።"

"ከሥር የት? ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ጎን?"

አልሳቀም። "ድግሱን የምችለው እኔ እኮ ነኝ።"

"እግዜር ይስጥህ። ጠሪዋ ግን እሷ ናት።"

"የምትሠሪበትን ፕሮግራምም ማን እንደሚከፍልልሽ አትርሺ" አለኝ።

እኔ እሱን የማከብረው ታላቄ ስለሆነ ነው፤ አባቴ ሲሞት የትምህርት ቤት ደብተሬን ስለገዛልኝ ነው። ፕሮግራም ስለከፈለልኝ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ልለው አፌ ላይ መጣና "በል ደህና ሁን" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ብደውልም ስልኩን አላነሳ አለ፤ በሳምንቱ ላፕቶፔን ስከፍት ፕሮግራሙ "ክፍያ ተቋርጧል" የሚል ሳጥን ደቅኖ ጠበቀኝ። የእናቴ ካርድ ከነሐረጉ እዚያው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ለደምበጫ ሱቆች የጀመርኳቸው ታፔላዎችም እንደዚያው።

እህቴ ስትሰማ አለቀሰች። "ጋሼ እንዳለው አድርጊውና ይክፈትልሽ፤ ሠርጌን ጠብ አታድርጉብኝ" አለች። በሷ አልፈርድም። የከፋው እናቴ ስትሰማ ነው።

"ተይው ልጄ" አለችኝ፤ "ስም ምን ያደርጋል። እንጀራሽን አትጪ።"

እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጌሾዋን ማሰጣት ቀጠለች። ያቺን መለመን የማታውቅ ሴት አንዴ ለምና አንዴ መልሳ ስትውጠው ማየት! እንቢ አልኩ። እዚያው ግቢው ውስጥ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ "እንቢ! ጠሪዋ አንቺ ነሽ፤ ካርዱንም እኔ ነኝ የምሠራው!" አልኩ። በምን እንደምሠራው ግን አላውቅም ነበር።

የሱቄ ጎረቤት የሆነው ኮምፒውተር ጠጋኝ "ክራክ ላስገባልሽ" አለኝ፤ ማለትም ያለ ክፍያ የሚከፈተውን፣ የተሰረቀውን ቅጂ። አልፈልግም አልኩት። ጻድቅ ሆኜ አይደለም። እሱም ቢሆን የሰው ነው፤ አንድ ቀን ባለቤቱ ነቅቶ ሲዘጋው ተመልሼ እዚያው ልገኝ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለም? እኔ ደግሞ ያለ ሰው ወርቅ መድመቅ አማረኝ። በነፃ የሚወርዱ፣ ማንም በየወሩ እጁን የማይዘረጋባቸው መሳያ ፕሮግራሞች እንዳሉ ድሮም ሰምቻለሁ። "ለጀማሪ ነው" ብዬ ንቄያቸው ነበር። ዋይፋይ ያለው ሆቴል ሄጄ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አወረድኳቸው፤ አስተናጋጇ ብትገላምጠኝም አልተነሣሁም።

ወይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት! አዲስ ሙሽራ አማቷ ቤት ድስት ፍለጋ እንደምትደናበረው ሆንኩ። ሁሉም ነገር አለ፣ ግን የት ነው? ጣቶቼ የለመዱትን ቁልፍ ሲጫኑ ሌላ ነገር ይከፈታል፤ መቁረጥ ስፈልግ ይገለበጥብኛል። ላፕቶፑን ሰደብኩት፣ ረገምኩት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። ግን ቀስ በቀስ እጄ ተገራ። ካርዱን ከባዶ አልጀመርኩም፤ የቀረኝ ቅጂ ቢኖር ለወንድሜ በቴሌግራም የላክሁት ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱን ከሥር አነጠፍኩና ሐረጉን ቅጠል በቅጠል በላዩ ላይ እንደገና ሣልኩት። ፎቶውን አይቶ በስልክ ያለኝ "አስተካክዪው" የሚለው ቃል በጆሮዬ ነበር። እያስተካከልኩልህ ነው ጋሼ፣ እያልኩ ሣልኩ። ሁለተኛው ሐረግ ከፊተኛው ያምራል፤ በንዴት የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱ ነበር። ባለቤቱ በእድሜ የሚበልጠኝ፣ ገበያው ዳር የታወቀ ሰው ነው። ፋይሉ በቀድሞው፣ በሚከፈልበት ፕሮግራም እንዳልተሠራ ስነግረው ፍላሼን በጣቱ ጫፍ ይዞ መለሰልኝ።

"እህቴ፣ ይሄ ነፃው ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። በደህናው ሠርተሽ አምጪልኝ።"

"ማሽንዎ የሚያነበው ፒዲኤፍ ነው። በምን ተሠራ ብሎ ይጠይቃል?"

"አይጠይቅም።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ይጠይቁኛል?"

ተናደደ፤ ግን አንድ ናሙና አወጣልኝ። አረንጓዴው ደብዝዞ የታመመ ሰው መስሎ ወጣ። "አላልኩሽም?" አለኝ ደስ እያለው። እውነቱን ነው፤ የመሳያው ፕሮግራም ቀለሙን ለስክሪን እንጂ ለማተሚያ አያዘጋጅም ነበር። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው አልልም። ናሙናውን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ፤ ለኅትመት ገጽ የሚያሰናዳ ሌላ ነፃ ፕሮግራም መኖሩን አነበብኩ፣ እሱንም አወረድኩ፣ ቀለሙን እዚያ አስተካከልኩና በማግስቱ ተመልሼ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሁለተኛው ናሙና ሲወጣ ሰውየው ወደ መስኮቱ ወስዶ ገለባብጦ አየው።

"ስንት ይታተም?" አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከሱ አይጠበቅም፤ ለእኔ ግን በቃኝ።

ካርዱን እናቴ ራሷ አደለችው። ሩቅ ላለው፣ ደብረ ኤልያስ ላለው ዘመድ ሰው ላከች፤ ለቅርቡ ሁሉ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በየቤቱ በእጇ አደረሰች። ማንም "ወንድ ልጅ እያለሽ" አላላትም። ካለም ፊት ለፊቷ አላለም።

ወንድሜ ለሠርጉ መጣ፤ እናታችን ቤት ገባ። አቅፎ ሳመኝ፣ እኔም ሳምኩት፤ ወንድሜ ነው። ሻንጣውን ሳይፈታ ግን ወደ ጎን ወሰደኝና "አዲስ የባንክ ካርድ አውጥቻለሁ፤ ፕሮግራሙን ነገ አስከፍትልሻለሁ" አለኝ።

"ተወው ጋሼ" አልኩት። "ሌላ ለምጃለሁ።"

"ያ ይሻላል እኮ፤ የባለሙያ ነው።"

"ባለሙያዋ እኔ ነኝ" አልኩት። "ከእንግዲህ ብትቆጣኝም ሱቄ ክፍት ነው። ስትቆጣኝ ደግሞ እንዳሻኝ እመልስልሃለሁ።" እንዲህ ብዬው አላውቅም። ሊናገር አፉን ከፈተ።

ይኼኔ እናታችን ከጓዳ ወጣች። በእጇ አንድ ካርድ ይዛለች፤ ፖስታው ላይ "ለልጄ ከነባለቤቱ" ይላል። እንድጽፍላት ያደረገችኝ ጠዋት ነው። ፊቱ ቆማ ዘረጋችለት።

ከፍቶ አነበበው። ከላይ ያለውን ስም ሲያይ ቆየ። "እማ" አለ፣ "እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?"

"እንግዳማ ብትሆን ሰው እልክብህ ነበር" አለችው። "ልጄ ስለሆንክ በእጄ ሰጠሁህ። ልጄን ድሬያለሁ፤ ጠርቼሃለሁ። ቀርተህ እንዳታሳፍረኝ።"

ወንድሜ ጎንበስ አለና ካርዱን በሁለት እጁ ያዘ። "እመጣለሁ እማ" አላት።