ግራ እጅ ለማያውቁ

ትንሽ ልጅ ስለ ገዛ ሐሳቡ ማሰብ አይችልም ይባላል። ውሸት ነው። ይችላል፤ የምናስተወው እኛ ነን። ባለፈው ሳምንት ጅግጅጋ ውስጥ በተሰጠ የመምህራን ስልጠና ላይ አሰልጣኙ ይህንኑ ተረት ሲደጋግም፣ የያዝኩትን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ጥፋቱ የዘይቱ አልነበረም፤ አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ለከተማዋ አዲስ መምህር ነበርኩ፤ ሽበትም አልጎበኘኝም። ከካራማራ በኩል የሚነሳው ነፋስ ጥርስ ውስጥ ሳይቀር አቧራ የሚሞላበት የበጋ ወር ነበር። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለና የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ተማሪዎቿን ስታለማምድ ከኋላ ተቀምጬ አየሁ።

«ስሙኝ! ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ። እኔ የምጠራው ቀኙን ብቻ ነው።»

ቀኝ ወይስ ግራ ለማለት እኮ ልጁ መጀመሪያ «ይህን አውቀዋለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። ፈላስፎች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱበትን ሥራ እነዚህ ልጆች በቅጽበት ይሠሩታል። እኛ ደግሞ ያንኑ ለማጭበርበሪያ አዋልነው።

በጉብኝቱ ቀን መምህርቷ የቅነሳ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ያልወጣ እጅ አልነበረም። ተቆጣጣሪው ግን መምህርቷን አልጠበቀም፤ ራሱ ኢፍራህን፣ የግመል ወተት ሻጯን ልጅ፣ አስነሳት።

«አላውቀውም» አለች።

«ታዲያ እጅሽን ለምን አወጣሽ?»

«ግራዬ ነው እኮ! ቅነሳ እችላለሁ፤ አሥር ስንበደር ነው የሚጠፋብኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዳው ሩዝና የፍየል ሥጋ ወደሚጠብቀው ምሳ እንደሄደ፣ መምህርቷ ኢፍራህን መጨረሻ ወንበር ላይ ወረወረቻት። «ሁለተኛ እጅሽን እንዳላይ! ቀኙንም ግራውንም!»

«እንዴ ቲቸር፣» አልኳት፣ «የቱ ጋ እንደሚጠፋባት ለይታ የነገረችን እሷ ብቻ ናት እኮ።»

«አንተ ደግሞ ፍልስፍናህን እዚያው! ለእሷ ብዬ እንጀራዬን ልጣ?»

ከሳምንታት በኋላ ልጅቷን ግቢው ውስጥ አገኘኋት። «ኢፍራህ፣ አሁንስ የቱ ጋ ይጠፋብሻል?»

መሬት መሬት እያየች፣ «ሁሉም ገብቶኛል፣ ቲቸር» አለችኝ።

አልገባትም ነበር። መዋሸት ግን ተምራለች፤ የከፋው ደግሞ፣ ቀስ በቀስ የቱን እንደማታውቅ ለራሷም መናገር ታቆማለች። ይህን ያደረገ አገር ዛሬ ልጆች ስለ ገዛ ሐሳባቸው ማሰብ አይችሉም እያለ ስልጠና ያዘጋጃል።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ዛሬ ማታ ልጅህ «አላውቅም» ቢልህ አትቆጣው፣ መልሱንም አትንገረው። «የቱ ጋ ጠፋብህ?» በለውና አፍህን ዘግተህ ስማው።