ጋሽ ደምሴ መኪና ሲመርጡልን

ስድስት ልጆች ይዞ ከመሐል ሜዳ ሞላሌ ድረስ ዘመድ ጥየቃ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ግማሾቹ ታቅፈው፣ ግማሾቹ ተጣጥፈው ነው የሚደርሱት። በመጨረሻ ባለቤቴ "ሁላችንንም የሚይዝ መኪና ካልተገዛ ከቤት አልወጣም!" አለችና ያገለገለ ሚኒባስ ልናይ ተነሳን።

ጎረቤታችንና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ "እኔ ልምረጥላችሁ" ብለው አብረውን መጡ። መኪና ነድተው አያውቁም። ከቁመታቸው የተነሳ ግን የማንንም ቤት በር ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። እንዲህ የሚያስብልን ጎረቤት በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ሻጩ ስለ ሞተሩ ሲለፈልፍ ጋሽ ደምሴ ከኋላ ዞረው "ወንበሮቹ ይታጠፋሉ?" አሉ።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንፈልገው ልጆቹ የሚቀመጡበትን ነው" አልኩ።

"ቆይ አንተ!"

ወንበሮቹን አሳጠፏቸው። ጫማቸውን አወለቁ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና በጀርባቸው ተንጋለሉ። ባለቤቴ ደንግጣ "ውይ ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አለች።

"ደህና ነኝ። በሩን ዝጉት እስቲ።"

ዘጋነው። እግራቸውን ሳይነካ ግጥም አለ። መስታወቱን ሲያንኳኩ ከፈትንላቸውና ፊታቸው በርቶ ወረዱ።

"ግዙት!" አሉ። "ከእድራችን አባላት ከእኔ የሚረዝም የለም። እኔን ከያዘ ማንንም ይይዛል። ከእንግዲህ ለአስከሬን መኪና ፍለጋ መንከራተት ቀረልን!"