የአባቴን ጋሪ ማን ይሽጥልኝ?

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ገበያ መሃል ሰው ሁሉ እኔን እንደ ሌባ አየኝ... ኧረ ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

አባቴ ሁላችንንም ያሳደጉን ጋሪ እየነዱ ነው። አሁን ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ክረምት ላይ ጋሪውን ከነተሳፋሪው ቦይ ውስጥ ከተቱት። ሐኪም «ባሕር ዳር ሄደው ያሠሩት፣ ባይዘገዩ ጥሩ ነው» ስላላቸው ፈረሱና ጋሪው ይሸጥ ተባለ። እንዳሻሽጥ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ የገዛሁትን ስኳር ሌላ ሱቅ ወስጄ የማስመዝን ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ደላላ ጠራሁ። መጣና የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ። ዋጋ ጠራልኝ። ከዚያ ዞር ብሎ «ምን ቸግሯችሁ ነው የምትሸጡት?» አለኝ። ምን አገባው? እንደቸገረን ካወቀ ገዢው ጆሮ ላይ ሹክ ብሎ ዋጋውን ሊሰብረው ነው። አሰናበትኩት።

ቀጥሎ እንጅባራ ንብረት በጨረታ የሚሸጥ ቢሮ አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ሰፊ፣ ማኅተሙ ትልቅ፣ ሰውየው ትሑት... ሁሉ ነገር ደህና ነበር። አንድ ባዶ ወረቀት አወጣና «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ ዝርዝሩን እኛ እንሞላዋለን» እስኪለኝ ድረስ ማለቴ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ እስክገባ ወደ ኋላዬ ስገላመጥ ነበር።

የቀሩኝ ጋሽ ሙላት ናቸው። ጋሽ ሙላት ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጨረታ ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን የሚይዙ የሰፈራችን ሰው ናቸው። አንዷን ዶሮ በበሬ ዋጋ ሲሸጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

«የእርስዎ ድርሻ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ለአባትህ ጉዳይ? ምንም አልፈልግም!»

ይኼኔ ነው የባሰ የጠረጠርኩት። ምንም የማይፈልግ ሰው ምን ፈልጎ ነው? በዚያ ላይ ከአባቴ ጋር በአገውኛ እያወሩ ይሳሳቃሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ከሦስት ቃል አንዱን ብያዝ ነው። ቢሆንም ከሁለቱ ይሻላሉ ብዬ በሁለት ነገር ብቻ አስማማኋቸው። የማን እንደሆነ እንዳይነገር፣ ለምን እንደሚሸጥም እንዳይነገር።

«ባለቤት የሌለው ጨረታ ምን ይባላል ልጄ?» አሉኝ።

«ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሁን» አልኩ።

የገበያ ቀን ጠዋት ፈረሱን ከነጋሪው አቆምነው። አባቴን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋሽ ሙላት ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይዘው «ወገኖቼ!» ሲሉ ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ዋጋው ወጣ... ወጣ... ደላላው ከጠራው እጥፍ ሆነ። እኔ ግን ደስታዬን ትቼ የተጫራቾቹን ፊት እመረምራለሁ። ጋሽ ሙላት ያሰማሯቸው ቢሆኑስ? ሰው እንዴት ለአንድ ጋሪ ይህን ያህል ይጨምራል?

«አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ... ሦስት ጊዜ!» ተጨበጨበ። እህል ነጋዴው ሐጂ ኑሩ አሸነፉ።

ሐጂ እጃቸውን አነሡና «ለቤተ ክርስቲያኑ ይሁን፣ መልሼ ሰጥቻለሁ። እንደገና ይሸጥ!» አሉ።

እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ላይ አሸናፊው ገንዘቡን ሰጥቶ ዕቃውን ይመልሳል፣ ዕቃው እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። ድምፅ ማጉያው በጋሽ ሙላት እጅ፣ ባለቤት ያልተጠራለት ንብረት በፊታቸው... ሰው ሌላ ምን ይጠርጥር? ጋሽ ሙላትም ከልማድ የተነሣ «እግዚአብሔር ይስጥልን!» ካሉ በኋላ ነው ክው ብለው ያዩኝ። ሁለተኛው ተጫራች ዋጋ መጥራት ጀምሯል።

«ኧረ የቤተ ክርስቲያን አይደለም! የኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አንዲት ድንች ሻጭ «በእግዚአብሔር ስም ሊነግዱ!» አለች። ሐጂ ኑሩ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ታዲያ የማን እንደሆነ ለምን ደበቅከው?» አሉኝ።

ምን ልበል? እናንተን ጠርጥሬ ነው ልበል?

አባቴ በከዘራቸው እየዳሰሱ መጡ። «ጋሪው የኔ ነው። ዓይኔን ልታከምበት ነው» አሉ።

ሐጂ ፊታቸው ተቀየረ። «ጋሽ አድማሱ? ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያውን እህል ጭነው ያመጡልኝ ጋሽ አድማሱ?»

«እኔው ነኝ።»

«አላህ ይማርዎት! አሁንም ልገዛው ፈቃደኛ ነኝ። ግን ቅድም የጠራሁት የስጦታ ዋጋ ነው። ግብይት ከሆነ እንደገና እንነጋገር።»

አባቴ ከትከት ብለው ሳቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ከጨረታው ዋጋ ወረደ፣ ከደላላው ግን በለጠ። ለሕክምናውም ይበቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ክንዴን ይዘው «ችግሬን ደበቅክልኝ፣ ደግ። ስሜን ለምን ደበቅከው? ዳንግላ ውስጥ በእኔ ጋሪ ያልሄደ ማን አለ?» አሉኝ።

አፈርኩ። የምሬን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ተለውጫለሁ... የትኛውን ዓይን እንደሚሠሩ ነርሷን የጠየቅኋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።