ያለ እኔ የማይናገር ካርቱን

ልጄን ትቼ ወደ ዓረብ አገር ስሄድ ሁለት ዓመት ተኩል ነበረች። ስመለስ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቴን «እማዬ» ትላታለች። ታናናሽ ወንድሞቼ እኔን «እትዬ» ሲሉ ሰምታ እሷም «እትዬ» ትለኛለች፤ አንቱታም ትጨምርበታለች። በአያት እጅ ያደገ ልጅ እንዲህ መጥራቱ ደብረ ታቦር ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ በሰው ልጅ ሲሆን ከንክኖኝ አያውቅም። በራሴ ሲደርስ ከነከነኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ «እማዬ በያት እንጂ፣ የወለደችሽ እኮ እሷ ናት» ብላት ነበር። ልጄ የሒሳብ ጥያቄ የቀረበላት ይመስል ትንሽ አሰበችና «እማዬማ አንቺ አለሽ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ክፋት አልነበረበትም። ቦታው ተይዟል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ጫማ ሰጠኋት፣ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እንግዳ የሚመሰገነው እንዲህ ነው። ቦርሳም ሰጠኋት፣ ያው ምስጋና መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ፊልም የሚሸጥበት ቤት የሄድኩት።

ልጄ የምትወደው አንድ ካርቱን አለ። ቀን ተማሪ የሆነች፣ ሰው ሲቸገር ግን ካባዋን አጥልቃ የምትበር ልጅ ታሪክ ነው። ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ይዤ እስክመጣ ድረስ ጎረቤት ቤት እየሄደች በአማርኛ ነበር የምታየው። ያንን ካርቱን እኔም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ዓረብ አገር ተቀጥሬ የምሠራበት ቤት ትንሿ ልጅ ሌላ ነገር አታይም ነበር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ልብስ ስተኩስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። አረብኛ ያስተማረኝም እሱ ነው ማለት ይቻላል።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ባለ ፊልም ቤት ሦስት ዓይነት እንዳለው ነገረኝ። አንደኛው ፍላሽ ላይ የሚጫን ነው፤ ምስሉ የጠራ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ሁለተኛው «ትርጉም» የሚባለው ዲቪዲ ነው፤ አንድ ሰውዬ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ሆኖ በአማርኛ ያወራል፣ ሲያሻው ከራሱ ይጨምራል። ሦስተኛውን ከመደርደሪያው ጥግ አውጥቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገው። አራት ዲቪዲ የያዘ ሳጥን ነው፣ ሁሉም ክፍል አለበት፣ ቋንቋው አረብኛ።

«እህቴ፣ ለልጅ ከሆነ ትርጉሙን ውሰጂ» አለኝ። «ይቺ እኮ አንዷ ከዓረብ አገር ስትመጣ ያመጣቻት ናት። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። ማን ይሰማልሻል?»

«እኔ እሰማለሁ።»

«ልጅቷስ?»

ሳጥኑን አንስቼ ከፈልኩ። ትርጉሙን ብወስድ የሚያጫውታት ተርጓሚው ሰውዬ ነው፤ እኔ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ እንደማንም አያለሁ። አረብኛው ግን ያለ እኔ ለማንም አይናገርም። ይህን አስቤ እንደመረጥኩ አልክድም። እናት ለልጇ የሚበጀውን ትመርጣለች ይባላል፤ እኔ የመረጥኩት ለራሴ የሚበጀኝን ነው።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነልኝም። «እትዬ፣ ይኼ ተበላሽቷል» አለችኝ። መተርጎም ስጀምር ደግሞ በየመሃሉ «ሰውዬው እንዲህ አይልም» እያለች አቋረጠችኝ። እውነቷን ነው፤ በሰውዬው አፍ ክፉው ጠላት የሐሙሲት ገበያ ደላላ ሆኖ ነው የሚያወራው። እናቴም «ምነው ያንን አፈ ጮሌ ባመጣሽልን» አለች። ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ግን እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ድምፄን መለዋወጥ ጀመርኩ፣ ለጠላቱም ከሰውዬው የባሰ ደላላ አበጀሁለት። ልጄ ሳቀች። በሳምንቱ በርጩማዋን እየሳበች እየሳበች ጉልበቴ አጠገብ ደረሰች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የካርቱኗ ልጅ ካባዋ ተቀዶ ከፎቅ ላይ ስትወድቅ፣ መብራት ሄደ።

«ከዚያስ፣ እትዬ?»

እስከ መጨረሻው ተረክሁላት፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀር።

«በቃልዎ ነው እንዴ የሚያውቁት? ከማን ጋር ነው ያዩት?»

«ከምሠራበት ቤት ልጅ ጋር።»

«ትልቅ ናት?»

«ባንቺ ዕድሜ ናት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሷም እትዬ ነበር የምትልዎት?»

መዋሸት እችል ነበር። «ማማ ነበር የምትለኝ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«በእነሱ ቋንቋ እማዬ ማለት ነው።»

«እናት የላትም እንዴ?»

«አላት።»

እናቴ «መብራቱም ቀረ» ብላ ተነሳች። እኔ አፈርኩ። የራሴ ልጅ ድምፄን በስልክ ብቻ እየሰማች ስታድግ፣ የሰው ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ማማ ስትለኝ ኖራለች። ይህን ለልጄ የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ባመጣሁት ካርቱን።

እሑድ ካርቱኑን አልጠየቀችኝም። ሰኞም አልጠየቀችኝም። በርጩማዋም ወደ እናቴ በኩል ተመለሰ። ማክሰኞ ጠዋት ሳጥኑን በፌስታል አድርጌ በትርጉሙ ልቀይረው ተነሳሁ። ልጄ ቦርሳዋን አዝላ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል ፌስታሉን አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ካርቱኑ ነው። ሰውዬው ያለበትን ላመጣልሽ።»

ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየችና ወጣች። እኔም ነጠላዬን ፍለጋ ጀመርኩ። ከውጭ በሩ ላይ ስትጣራ ሰማሁ።

«ማማ!»

እናቴ ጓዳ ሥራዋን ቀጠለች። በዚህ ስም አምስት ዓመት ተኩል በደመወዝ ተጠርቼበታለሁ፣ አንድም ቀን ልቤን አስደንግጦት አያውቅም። አሁን ግን የነጠላውን ፍለጋ ትቼ በሩ ላይ ደረስኩ።

«ወዬ» አልኩ።

«የቀረውን እኔ ሳልመጣ እንዳታዪው!» አለችኝና ሮጠች።