ባለ መስመሩ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳምራዊት ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የቤተሰባችንን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትማለሁ ብላ ከተነሳች ወዲህ እኔን ጸሐፊ አድርጋ ሾማኛለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ምን ሥራ አላት ብላ ይሆናል። ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መነጽሬን አጥልቄ ከፈትኩት። ከደብተር የተቀደደ ባለ መስመር ወረቀት ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ እጥፋቱ በፕላስተር ተለጣጥፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የጻፍኩት የአባቴ የሕይወት ታሪክ።

«እማ፣ አያቴ ቀብር ላይ ያነበብሽው ወረቀት ጃጁራ አክስቴ ወርቅነሽ ቤት ተገኘ» ብላለች ሳምራዊት ከሥሩ። «እንዳለ መጽሐፉ ላይ እናስገባዋለን።»

ያ ወረቀት ቀብር ላይ አልተነበበም።

በእኛ በወንጌል አማኞች ዘንድ የሕይወት ታሪክ ሳይነበብ ሰው አይቀበርም። የሞተው የት እንደተወለደ፣ እንዴት እንዳመነ፣ የስንት ልጆች አባት እንደነበረ ለቀባሪው ሁሉ ይነገራል። አባቴ ያረፈው በሰኔ ነው፤ ዝናቡ እንሰቱን ቁልቁል ሲያጥበው ይውላል፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ከቤቱ ልጆች ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር «አንቺ ጻፊ፣ አንቺው አንብቢ» ተባልኩ። እውነቱን ልናገርና ከኀዘኔ መሀል ትንሽ ኩራትም ነበረኝ።

አባቴ ከማመኑ በፊት ሁለት ሚስቶች ነበሩት። አንዷ እናቴ ናት። ሲያምን ግን ከአንዲት ሚስት ጋር ብቻ መቅረት ነበረበትና ሁለተኛዋን ጃጁራ አጠገብ እንሰት የተተከለበት ቁራሽ መሬት ሰጥቶ ከነልጇ አሰናበታት። ያቺ ልጅ ወርቅነሽ ናት። እኔ ያኔ ገና በእግሬ አልሄድም፤ እስኪለያዩን ድረስ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ እንደሆነች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከሄደች በኋላም በየዓመቱ መስከረም ላይ ቅቤ ይዛ ትመጣ ነበር። እናቴ ቅቤውን ተቀብላ ከቡላ ጋር አተካና ትሠራበታለች፤ ወርቅነሽም አብራን በልታ ትሄዳለች። እናትሽ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቃት ግን አልነበረም።

ረቂቁን ከፊዚክስ ደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። «የሰባት ልጆች አባት ነበሩ» ብዬ ስማችንን በዕድሜ ደረደርኩት፤ ወርቅነሽ ከታላቅ ወንድሜ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ጋሽ ላሬቦ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተቀብለውኝ አነበቡና ጣታቸውን ሁለተኛው ስም ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ምስክርነት ነው» አሉኝ ለስለስ ብለው። «የፊተኛው ነገር አልፏል። ሁለት ቤት ነበረው እያልን እንቅበረው?»

«ወርቅነሽስ ጋሼ?»

«እሷን እግዚአብሔር ያውቃታል።»

ጋሽ ላሬቦ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አባቴን ከነስሙ ንጹሕ አድርገው ሊቀብሩት ነው የፈለጉት። እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። አንዲት ቃል ብትናገርልኝ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ፤ ሆኖም እኔም አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ጋሽ ላሬቦ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሀል ንጹሕ ነጭ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ስድስት ብዬ ገለበጥኩት።

ወርቅነሽ ከጃጁራ በእግሯ መጣች። ጭቃው ጉልበቷ ደርሷል፤ ሕፃን አዝላለች። ከሴቶቹ መሀል ቆማ ሳነብ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። የታላቅ ወንድሜን ስም ስጠራ ቀና አለች፤ ቀጥሎ ማን እንደሆነ ታውቃለችና። እኔ የሚቀጥለውን ወንድሜን ጠራሁ። እንደዚያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ቀና እንዳለች ጠበቀች።

ከመቃብር ስንመለስ ጓዳ ገብታ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ንፍሮ ስትቀቅል፣ ቆጮ ስትጋግር፣ ሰሃን ስታጥብ ሦስት ቀን ሰነበተች። ለቅሶ ደራሹ ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ «ከጃጁራ የመጣች ናት» ይባላል። የምትሄድ ዕለት አጥሩ ጋ ጠርታ አቆመችኝ።

«ስታነቢ ዘለልሽኝ ወይስ ወረቀቱም ላይ የለሁም?»

«አለሽ» አልኳት። «ደንግጬ ነው የዘለልኩሽ።»

«እንግዲያው ስጪኝ።»

ነጩን ጋሽ ላሬቦ ወስደውታል። ረቂቁን ከደብተሬ አውጥቼ ሰጠኋትና «ይኸውልሽ» ብዬ እኔም በተራዬ ጣቴን ስሟ ላይ አሳረፍኩ። ማንበብ አትችልም ነበር። ስሟን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ ወረቀቱን አጠፈችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖርኩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት አላውቅም።

ወርቅነሽ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ሰማንያ ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል። «የእህቴ መጽሐፍ ላይ ይግባ» ብላ ወረቀቱን ከሳጥኗ አውጥታ ፎቶ ያስነሳችው ራሷ ናት አሉኝ። ዝም ብል ያንኑ ውሸት አሁን ደግሞ አሳትመዋለሁ። እውነቱን ብጽፍ የአባቷ ልጅ መሆኗ ተነግሯል ብላ በእርጅናዋ የያዘችውን አንድ ነገር እቀማታለሁ። ሁለቱም አስፈሩኝ።

ትናንት ጠዋት ደወልኩላት። እኔና እሷ በሀዲይኛ ነው የምናወራው፤ ሰላምታውም ረጅም ነው። ላሞቹን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ጠይቄ ስጨርስ ሌላ የምደበቅበት አጣሁ።

«እትዬ፣ ያ ወረቀት የተነበበው አይደለም። የተነበበው ላይ አልነበርሽም። አውቄ ነው የተውኩሽ።»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ያን ቀን በእጅሽ የያዝሽው ነጭ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የሰጠሽኝ መስመር አለው። ማንበብ ባልችል ዓይንም የለኝ?»

«ታዲያ ለምን ተቀበልሽኝ?»

«ስሜ ያለው እሱ ላይ ነዋ። አንድ ቀን ነጩ ላይ ትጽፊዋለሽ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።» ቀጥላም «ቆየሽ ግን» አለችኝ።

ዛሬ ነጭ ወረቀት ገዝቼ ተቀምጫለሁ። አባቴ የሰባት ልጆች አባት ነበር የሚለውን ጽፌያለሁ፤ የሰባታችንም ስም በየተራው ገብቷል። ስድስት ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ የሚለው ግን እጄን ይዞኛል። ቅዳሜ በሚኒባስ ጃጁራ ወርጄ እሷው ፊት ልጽፈው አስቤያለሁ። እስከ ቅዳሜ እግዚአብሔር እሷን ያቆይልኝ።